ቀስ ብሎ የሚመልስ ሳጥን

የጋሽ ይመርን መሞት የሰማሁት ኮምቦልቻ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ልጃቸው ሀያት ደወለች። እንደወትሮዋ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ ዘሀራ?» አለችና ድምጿ ጠፋ። ሲመለስ ወደ አማርኛ ዞራ ነበር፤ «አባዬ ጥሎን ሄደ። ሱብሒ ሰግዶ ጋደም እንዳለ ነው። ለቁርስ ስንቀሰቅሰው የለም።» ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሚኒባስ ይዤ ከሚሴ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ጋሽ ይመር አንድ ነገር የጠገኑለት ነው። አንዷ ሬዲዮዋን ታነሳለች፤ አንዱ የውሃ ፓምፑን። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ «ሞተሬን በጆሮው ብቻ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ነገረኝ» እያለ ያለቅሳል። እውነቱን ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሽ ይመርን ያወቅኋቸው እዚያው ከሚሴ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። እኔ መዝገብ ክፍል በኮንትራት የተቀጠርኩ ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸው «ረዳት የጥገና ሠራተኛ»። ረዳት የሚለው ቃል ይገርመኝ ነበር፤ የሚረዱት ሰው የለማ! የጥገና ክፍሉ ማለት እሳቸውና አንድ ጠረጴዛ ነው። ኋላ እንደሰማሁት ነገሩ የዲፕሎማ ነው። በወጣትነታቸው ኤሌክትሮኒክስ መማር ጀምረው ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱ አቋርጠው ተመለሱ። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ለብዙ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ኖሩ። መሥሪያ ቤቱ ሲቀጥራቸው እጃቸውን ፈልጎ ነው፤ ማዕረጋቸውን ግን በወረቀታቸው ልክ ሰፋላቸው።

ቀጭን፣ አጭር ሰው ነበሩ። ነጩ ኮፍያቸው ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ተሰክታ ትታያለች። አንድ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ አይፈቱትም። ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ የግራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ «ዝም!» ያን ጊዜ ኃላፊውም ቢሆን ዝም ይላል። አንድ ቀን ከክልል የመጣ እንግዳ ንግግር ሲያደርግ ማራገቢያው መንጫጫት ጀመረ። ጋሽ ይመር ከኋላ ወንበር ተነስተው ጣታቸውን ሲያነሱ እንግዳው ከንግግሩ መሐል ቆመ። ማራገቢያውን አዳመጡና «ቀጥሉ፣ የእሱ ቀላል ነው» አሉት። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ።

ሌላው ጠባያቸው ማስረዳት ነው። የሠሩትን ሁሉ ለማንም ያስረዳሉ፤ ለጥበቃው ለአባ ሙሄ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም ለመጣ ገበሬ። ያገለገለ ወረቀት ይገለብጡና ይሥላሉ። የጨረሱትን ሥዕል ደግሞ ለጠያቂው ይሰጣሉ። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ሰው ሥራዎን ይሰርቅብዎታል» ስላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ አላህ ያሳወቀኝን ደብቄ ብሞት እዚያ ስጠየቅ ምን እላለሁ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በአፌ እሺ ብዬ በሆዴ «እዚህስ ማን ይጠይቅልዎታል?» እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ ልምጣ።

መዝገብ ክፍላችን ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረ። ድሮ አንድ ፕሮጀክት ያመጣው ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እሱ ቀረ። የገበሬው የመሬት ይዞታ መዝገብ በሙሉ ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ነው። ይህ ማሽን በየሳምንቱ ሐሙስ ያለውን ሁሉ ወደ ቴፕ ይገለብጣል። ቴፑ የመንዙማ ካሴት ወፈር ብሎ ማለት ነው፤ ያው ጥቅልል፣ ያው ጥቁር ክር። ማሽኑ አንድ ነገር ቢሆን መዝገቡ ክሩ ላይ ይተርፋል።

የከሚሴ ሙቀትና አቧራ የቴፑን ማጫወቻ በላው። አንድ ሐሙስ ካሴቱን ጎርሶ፣ ክሩን አኝኮ ተፋው። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ አየት አደረገና «የዚህ ዕቃ መለዋወጫ መሠራት ካቆመ ቆየ» አለን። በዘመናዊ ዲስክ እንተካው ስንለው ራሱን ነቀነቀ፤ ማሽኑ ሲሠራ ከቴፕ በቀር ሌላ ነገር እንዳለ አልተነገረውም። «ማሽኑ ሳይሞት መዝገቡን ከወረቀት ላይ እንደ አዲስ አስገቡት» ብሎን ሄደ። ከወረቀቱ ግማሹን ምስጥ እንደጨረሰው ማን ይንገረው?

ጋሽ ይመር ያን ቀን ማሽኑን ለረጅም ሰዓት አዳመጡት። ከዚያ «ቴፕ ብቻ ከሆነ የሚያውቀው ቴፕ እንሰጠዋለን» አሉ።

ሐሳባቸው ይህ ነበር፤ በማሽኑና በአዲስ ሃርድ ዲስክ መካከል አንድ ሳጥን ይቀመጣል። ሳጥኑ ለማሽኑ «እኔ ቴፕ ነኝ» እያለ ይመልስለታል፤ የተቀበለውን ግን ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ክር የለም፣ ጥቅልል የለም፣ የሚታኘክ ነገር የለም። ስለዚህ ነገር ሲያነቡ ሲያነቡ በውጭ አገር አስቀድሞ ያሰቡበት ሰዎች እንዳሉ ደረሱበት። በተለይ የአንዱን መሐንዲስ የፓተንት ወረቀቶች አሳትመው በክር ሰፍተው ያዟቸው። ስሙን መጥራት ስላቃታቸው «ጎረቤቴ» ነው የሚሉት። «ጎረቤቴ እዚህ ጋ ጎበዝ ነው» ይላሉ ሻይ እየጠጡ፤ «እዚህ ጋ ግን የኔን ማሽን አላየም።»

ሃርድ ዲስኩን ያገኙት ባቲ ነው። ሰኞ ገበያ አብሬያቸው ሄድኩ። ከግመሉና ከፍየሉ ተራ ወዲያ ያገለገለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሸራ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ጋሽ ይመር ከነጋዴው ባትሪ ላይ እያገናኙ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ፍየል የሚገዛ ሰው ጥርስ እንደሚያየው ነው። ጣታቸውን አንስተው «ዝም!» ሲሉ አንድ ግመል አጠገባችን ጮኸ። ነጋዴው በሳቅ ሞተ። አምስተኛው ዲስክ ላይ «ይሄ ጤነኛ ነው» አሉ።

ሳጥኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን አልሠራም። ማሽኑ ከሳጥኑ ጋር ገና ሁለት ቃል እንደተለዋወጠ «ቴፑ ብልሽት አለበት» የሚል ጽሑፍ ያወጣና ይዘጋል። ሳምንታት ሄዱ። ጋሽ ይመር ከስተው ጠቆሩ። ኃላፊው «ይቅርብዎት» ይላቸው ጀመር፤ እኔም እያዘንኩ በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በእኔ ጠባይ ምክንያት ነው፤ ይህን ስናገር ኩራትም እፍረትም ይሰማኛል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ መስኮቴ ጋ መጥቶ የመሬቱ ልኬት ውጤት መጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን ጠዋት ስለ እሱ ቀበሌ ሌሎች ገበሬዎች ደጋግመው ስለጠየቁኝ መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። «አልመጣም» አልኩት፣ ቀና ሳልል። ሽማግሌው ተቆጣ፤ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሳትፈልጊ እንዴት የለም ትያለሽ?» ብነግረው፣ ብምልለት አልሄድም አለ። በንዴት ተነስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ መደርደሪያው ጋ ትንሽ ቆሜ ስልኬን አየሁ፣ ተመልሼ «ፈልጌ ነበር አባቴ፣ አልመጣም» አልኩት። «አሁን ጥሩ! ረቢ ይባርክሽ» ብሎ ደስ ብሎት ሄደ።

ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር ጋሽ ይመር። ብድግ አሉና «ዘሀራ! ቶሎ ስለምንመልስለት ነው!» ብለው ጮኹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እውነተኛ ቴፕ ለመጠቅለል፣ ለመመለስ፣ ቦታውን ለመፈለግ ጊዜ ይወስድበታል። አሮጌው ማሽን ያንን ጊዜ ያውቃል፤ ይጠብቃልም። ሳጥኑ ግን ዲስክ ነውና ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ማሽኑ እንደ ሽማግሌው «ሳትፈልግ ነው የመለስክልኝ» ብሎ አላምን አለ። ጋሽ ይመር ሳጥኑን መቆየት አስተማሩት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ክሩ ይፈጅ የነበረውን ጊዜ ለክተው ያንኑ ያህል ያስጠብቁታል። ይህንን ክፍል ራሳቸው «ሱታ» ብለው ሰየሙት፤ በኦሮምኛ ቀስ በል እንደማለት። በሚቀጥለው ሐሙስ ማሽኑ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠ። አባ ሙሄ ደጅ ላይ ተክቢራ አሉ። ጋሽ ይመር ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት።

ፓተንት እንዲያወጡ የወተወትኳቸው እኔ ነኝ። «የጎረቤትዎ ሳጥን ላይ ሱታ የለም፤ እርስዎ ያመጡት አዲስ ነገር እሱ ነው» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አንድ ከሰዓት ግን መበየጃቸውን አስቀምጠው፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ስሜ ያለበት አንድ ወረቀት ቢኖረኝ ደስ ይለኛል ዘሀራዬ። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀትህ የት አለ ስባል ነው የኖርኩት» አሉኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ያን ወረቀት እንዲያገኙ ከራሳቸው በላይ እኔ ፈለግሁ።

እኛ አገር ትልቅ ጉዳይ ያለው ሰው አስቀድሞ ዱዓ ያስደርጋል። ጎረቤት ይጠራል፤ ባለጉዳዩ ይነሳና ሐጃውን፣ ማለትም ከአላህ የሚፈልገውን ነገር፣ ለተሰበሰበው ይናገራል፤ ሰዉም ያንን አውቆ አሚን ይላል። በደፈናው «አንድ ጉዳይ አለኝ» ብሎ ዱዓ ማስደረግ እንደ ንፉግነት ይቆጠራል። ጋሽ ይመር ደግሞ በደፈናው የሚባል ነገር አያውቁም። ማመልከቻው አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ቤታቸውን በመንደሩ ሰው ሞሉት፤ ሳጥኑን መሐል ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት፤ ትልቅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ ከሀ እስከ ፐ አስረዱ። የት ጋ ምን እንደሚገናኝ፣ ሱታ ስንት እንደሚያስጠብቅ፣ ምንም አላስቀሩም።

ሼሁ አዳምጠው ሲያበቁ «ታዲያ ይመር፣ ይሄ ማሽኑን ማታለል አይሆንም?» ብለው ጠየቁ።

«ሼሃችን፣ እርስዎ ለገበሬው በኦሮምኛ፣ ለቢሮ ሰው በአማርኛ ይመክራሉ። ማንን አታለሉ? እኔም በሚያውቀው ቋንቋ ነው ያናገርኩት።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሼሁም ሳቁ። ከኮሌጅ የመጡ ልጆች ሥዕሉን በስልካቸው አነሱ፤ ለቀሩት እሳቸው ቅጂ አደሉ። ከዚያ እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነበር።

ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ የእሳቸው ጽሕፈት ለሰው የሚነበብ አልነበረምና። አንዱ ጥያቄ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። «ፈጠራው ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት ለሕዝብ ተገልጿልን?» ይላል። ከፊቱ ማብራሪያውን አንብቤዋለሁ፤ አስቀድሞ የተገለጸ ነገር አዲስ ተብሎ አይቆጠርም፣ ፓተንትም አይሰጠውም። ግርጌው ላይ ደግሞ ሐሰት መሙላት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ተጽፏል። ጋሽ ይመር ዙህር ሊሰግዱ ወጥተዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል፣ የኮሌጁ ልጆች ስልክ፣ የታደለው ቅጂ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። «አልተገለጸም» ብዬ ጻፍኩ። አላወቅሁም ብል ውሸቱን ሁለት አደርገዋለሁ፤ አውቄ ነው። ሲመለሱ እንዲፈርሙ ሰጠኋቸው። ያን ዕለት የእኔን ሥራ አምነው ሳያነቡ ፈረሙ።

ወራት ቆይቶ መርማሪው ለቃለ ምልልስ ጠራቸው። ብቻቸውን ሄዱ። ሲመለሱ መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ጠበቅኋቸው። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሳጥኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ፊታቸውን አይቼ ገባኝ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ሥራው ጥሩ ነው አሉ። ሱታን ወደዱት። ከዚያ መርማሪው ቅጹን እያነበበ ‹ለሕዝብ አልተገለጸም ብለዋል› ሲለኝ፣ ‹አይ፣ ተገልጿል› አልኩት። ዱዓውን ነገርኩት።»

«ለምን?» መናኸሪያው መሐል ነው የጮኽኩት። «ተጽፎ አልቆ የለም እንዴ! ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ማን አየ?»

ቀና ብለው አዩኝ። የማን እጅ እንደጻፈው ያውቃሉ፤ የእኔን ጽሕፈት ከማንም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አንዲት የቁጣ ቃል እጠብቅ ነበር። «ብሞት አልዋሽም ብለው ነው?» አልኩ፣ አሁንም በንዴት። «ሠላሳ ሰው ፊት አስረድቼ አላስረዳሁም ልበል?» አሉኝ በቀስታ። እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። በራቸው ጋ ስንደርስ፣ «ቅጹን ማን ሞላው ብለው ጠየቁ እንዴ?» አልኳቸው። በዚያው ሰሞን ቋሚ ቅጥሬ እየታየ ነበርና ፈርቼ ነው። «አልጠየቁም» አሉኝ።

እምቢታው በደብዳቤ መጣ። ጋሽ ይመር ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር አላዳመጡም። ማራገቢያው ሲንጫጫ «ከገበያ ሌላ ጠጋኝ ጥሩ» አሉ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። መጀመሪያ ንዴት ያዘኝ፤ በኋላ ሐፍረት፤ ከዚያ ደግሞ ነገሩ ያረጀ መሰለኝ። ሳጥኑ ግን ሥራውን አላቋረጠም። አሮጌው ማሽን ሲሞት የገበሬው መዝገብ አንድ መስመር ሳይጎድል ወደ አዲሱ ሥርዓት የተላለፈው ከእሱ ላይ ነው። አዲሱ ሥርዓት ሲመረቅ በተደረገው ዝግጅት ላይ የብዙ ሰው ስም ተጠራ። የጋሽ ይመር አልተጠራም፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው አጨበጨቡ። እስከ ጡረታቸው ረዳት እንደተባሉ ቆዩ። እኔም ቋሚ ሆኜ፣ አድጌ፣ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሀያት ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። የአባቷን ወረቀቶች ስታገላብጥ የፓተንቱን ፋይል አግኝታለች። እምቢታው ስር አንድ ገጽ ነበረ፤ በጋሽ ይመር በዚያ በማይነበብ ጽሕፈት የተጻፈ፣ ለመርማሪው የተሰጠ ማብራሪያ ቅጂ። በዚያ ጽሕፈት ከእኔ በላይ የለመደ ስለሌለ እንዳነብላት ሰጠችኝ።

«የቅጹ ጽሕፈት የማን እንደሆነ ለጠየቁኝ መልሴ የሚከተለው ነው። እጁ የጸሐፊ ነው፤ ቃሉን ያስጻፍኩት ግን እኔ ራሴ ነኝ። ጥያቄውን በደንብ ሳላነብ ‹አልተገለጸም› ብዬ አስጻፍኩ። ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ለራሳቸው ስም ሲሉ አንድ ውሸት ዝም ብለው ማሳለፍ ያልቻሉ ሰው፣ እዚያው መርማሪው ፊት ተቀምጠው ለእኔ ሲሉ በእጃቸው ጽፈውታል። አልጠየቁም ያሉኝም ውሸት ነበር።

«አባዬ?» አለች ሀያት ግራ ተጋብታ። «ሳያነብ? የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳያነብ ክኒን የማይውጥ ሰው?»

«አባትሽ አልተሳሳቱም» አልኳት። «ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የዋሸሁት። እሳቸው ሸፈኑኝ።»

ሀያት ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችው። አጠገባችን ያሉ ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው ወደ እኛ ዞረዋል። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጄን ያዘችና፣ «ለእኔ ብቻ አይደለም ዘሀራ፤ እዚህ ላሉትም ንገሪያቸው» አለችኝ።

ተነሳሁና ነገርኳቸው።